«አለሁ» ሲባሉ ደግመው የሚጠይቁት ሐኪም

ታላቅ እህታችን ከአባታቸው ከማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ እና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት አንድ ጠዋት ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ለአራት ዓመት ያህል አባትና እናታቸውን ለብቻቸው ይዘው ኖሩ። ከዚያ እኔ መጣሁ። ይህ የእርሳቸው የሕይወት ታሪክ እንጂ የእኔ እንዳልሆነ አጎታችን አስጠንቅቀውኛል። «በአንቱታ ጻፊ፤ ከልደት ጀምረሽ በቅደም ተከተል ሂጂ፤ ቅናትሽን ደግሞ ጸጉር ቤትሽ ውስጥ ቆልፈሽበት ነይ» ነው ያሉኝ። ሁለቱን እሺ ብያለሁ። ሦስተኛው ግን አብሮኝ የተወለደ ስለሆነ የሚቆለፍበትን ቁልፍ እስካሁን አላገኘሁትም።

አባታችን እርሳቸውን «ምነው»፣ እኔን ደግሞ «ኩርፊት» እያሉ ይጠሩን ነበር። «ምነው» የተባሉት አፋቸውን ከፈቱበት ቀን ጀምሮ የሚያውቁት ቃል እሱ ብቻ ይመስል ስለነበር ነው። በር ሲላተም «ምነው?»፣ ድመት ስትጮህ «ምነው?»፣ እናታችን መርፌ ጣታቸውን ሲወጋቸው ከስፌት መኪናው ሥር ብቅ ብለው «ምነው እማዬ?»። እኔ ኩርፊት የተባልኩበትን ምክንያት ማስረዳት አያስፈልግም፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን እኔ ቤት ውስጥ እየተንሰቀሰቅኩ ሳለ የጎረቤት ልጅ ውጭ አለቀሰ። እህታችን እኔን ተሻግረው «ምነው?» እያሉ ወደ ውጭ ሮጡ። ተሻገሩኝ ስል የእውነቴን ነው፤ ደጃፉ ላይ ተዘርሬ ነበርና በላዬ ነው የዘለሉት። ለእርሳቸው የባዕድ ዕንባ ከቤት ዕንባ ይበልጣል የሚለው ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ቁጭ አለ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው ከታች ክፍል እስከ መጨረሻው አንደኛ እየወጡ ጨረሱ። እኔም በእርሳቸው ዩኒፎርም፣ በእርሳቸው መጽሐፍ፣ በእርሳቸው ስም ተከተልኩ። አስተማሪው ሁሉ ገና ሲያየኝ «የእሷ እህት ነሽ?» ይለኛል። ነኝ እላለሁ። ውጤቴ ሲወጣ ደግሞ ወረቀቱን አይቶ «እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል። እንዲህ ተደርጎ ያደገ ሰው ባይቀና ነበር የሚገርመው።

በሃያ አምስት ዓመታቸው የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመረቁ። ጓደኞቻቸው አንዱ ልብ፣ አንዱ አጥንት፣ አንዱ ዓይን እያሉ የሰውን አካል ሲከፋፈሉት እህታችን የቤተሰብ ሐኪም መሆንን መረጡ። አጎታችን «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ጉንፋን ልታዪ ነው?» ብለው ተቆጡ። «ምን ላድርግ አጎቴ፤ ሰው ሲጨንቀው ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ነው የሚመጣው» አሏቸው። አጎታችን ነገሩ አልገባቸውም። እህታችንም ያኔ የተናገሩትን ነገር ልኩን ገና አላወቁትም ነበር።

ሥራ የጀመሩት በጎማ ጠጋኙና በመድኃኒት ቤቱ መካከል ባለችው ክሊኒክ ነው። ከዚያም አልወጡም። ክሊኒኳ ደጃፍ ላይ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር ነበረ፤ ከዳር ያለው በሽተኛ ሲጠራና ብድግ ሲል በሌላው ጫፍ ያለው ሊወድቅ ይደርሳል። ሥራ በያዙ በሁለተኛው ዓመት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር እዚያ ወንበር ላይ ተመላልሶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጨጓራዬን አለ፤ ቀጥሎ ወገቤን አለ፤ በመጨረሻ እንቅልፍ እምቢ አለኝ አለ። «እንዴት ነህ?» ባሉት ቁጥር «አለሁ» ብሎ ይመልስላቸዋል። ደግሞስ ማን «አለሁ» የማይል አለ? ለጨጓራው ሽሮፕ፣ ለወገቡ ቅባት አዘዙለትና ሸኙት። ብዙም ሳይቆይ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

እህታችን መርዶውን ሰምተው፣ ለስድብ፣ ከዚያም ለባሰ ነገር ተዘጋጅተው አንድ እሑድ ወደ ሚስቱ ቤት ሄዱ። ሚስትየው አልተሳደበችም። «መጨረሻ ላይ ምን አለሽ?» ብላ ብቻ ጠየቀቻቸው። «እንዴት ነህ አልኩት፤ አለሁ አለኝ» አሉ። «እኔንም እንደዚያው ነው ያለኝ» አለች። ሁለቱም ሰምተውታል፤ ሁለቱም አልፈውታል። እዚያው ቁጭ ብለው ተላቀሱ።

ያ እሑድ ደግሞ እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ጸጉር ቤቴን የከፈትኩበት እሑድ ነበር። አንድ መስታወት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ፤ የመጀመሪያ ተስተናጋጄ እህታችን እንዲሆኑ ወንበሩን በፎጣ ሸፍኜ ስጠብቃቸው ዋልኩ። የሹፌሩ ሚስት ቤት ዋሉ። በሚቀጥለውም እሑድ፣ ከዚያ በኋላም እሑድ በመጣ ቁጥር እዚያው ሆነ። የሟች ሚስት ናት፣ ሐዘንተኛ ናት፣ ይገባኛል። ግን እሑድ እኮ የእኛ ነበር! ያችን ሴትዮ በዓይኔ እንዳላያት ማልኩ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። «የሹፌሩ ሚስት» ሲሉ ጆሮዬን እደፍን ነበር።

በሠላሳ ዓመታቸው ከመሬት ቀያሹ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ኬኩ ሊቆረስ ሲል አንድ ሰው በር ላይ መጥቶ «ዶክተሯን» አለ። ሙሽራዋ በነጭ ልብሳቸው ወጥተው ደረጃው ላይ ከሰውየው ጋር ተቀመጡ፤ ሙሽራው ቢላዋ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ። በቃ፣ ከእንግዲህ አብሮኝ የሚቀና ሰው አገኘሁ ብዬ ነው። ምን ያደርጋል፣ ሙሽራው ቅናት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «ሰውየው ብርድ እንዳይመታው» ብሎ ኮቱን አውልቆ ላከለት። በዓመቱ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ እሷም እንደ አባቷ ናት። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ቅናቱን በሙሉ የምሸከመው እኔ ብቻዬን ነኝ።

እንግዲህ ስለ ሥራቸው ልናገር፤ የመጣችሁት ለዚያ ነውና። ከሹፌሩ በኋላ እህታችን «አለሁ» የሚለውን ቃል ማለፍ አቃታቸው። «አለሁ ማለት አልሞትኩም ማለት ነው እንጂ ደህና ነኝ ማለት አይደለም» ይሉ ነበር። ስለዚህ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ጀመሩ። በሽተኛው ሲገባ እንደማንም ሰው «እንዴት ነህ?» ይሉታል። የዚህ መልስ የሰላምታ ነው፤ አይቆጠርም። ቀጥለው የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠምጥመው ይነፉና አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ ደግመው ይጠይቁታል። ክንዱ ታስሮ ወዴት ይሄዳል? ሦስተኛው በሩ ጋ ነው። ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ አንስተው በሩ አጠገብ ያደረጉት ለዚህ ነበር። ሰው የልቡን የሚናገረው የበሩን እጀታ ይዞ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። እዚያም ሆኖ «አለሁ» ብሎ መሬት መሬት ካየ ዙሪያ ጥምጥም አይሄዱም። «ተቀመጥ እስቲ። ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይሉታል፤ ልክ ምግብ ይስማማሃል ወይ እንደሚሉት አድርገው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ነርሷ መጀመሪያ የሰማች ቀን ክው ብላ «ዶክተር፣ ያላሰበውን ያሳስቡታል እኮ!» አለቻቸው። «እርቦሃል ወይ ስለተባለ የተራበ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው መለሱላት። እኛ ደግሞ ሞት ከአፋችን የማይጠፋ ሰዎች ነን፤ በሳቅ እንሞታለን፣ በሞቴ ቅመሱልኝ እንላለን፣ ያልወደድነው ነገር ሲመጣ ሞቼ ነው ቆሜ እንላለን። እህታችን የትኛው ሞት ጨዋታ፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ሳያጣሩ አያልፉም። «የሚያወራ ሰው አያደርገውም» የሚል ሰው ከገጠማቸው ደግሞ ይቆጡ ነበር፣ እርሳቸው የማይቆጡት ሰው። «የሚያወራው እኮ እንድንሰማው ነው!» ይላሉ።

እንዲህ ላለ ሰው መድኃኒት ሲያዙም የሳምንት ብቻ ይሰጡና «ሳምንት ና» ይሉታል። መመላለስ ሰለቸኝ ካለ «እኔም ዓይንህን ልየው ብዬ ነው» ይሉታል። የቤቱን ሰው ጠርተው ያማክራሉ። ነገሩ ከአቅማቸው ሲያልፍ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይሄዳሉ፤ «ሂድ» አይሉም፣ «እንሂድ» ነው የሚሉት። ከቀጠሮው የቀረ ካለ ይደውሉለታል። ምሳ ላይ ሆነን ይደውላሉ፤ ልደቴ ላይ ሆነን ይደውላሉ። ሻማዬን እፍ ስል እርሳቸው ኮሪደር ላይ ሆነው «እሺ፣ ዛሬስ በልተሃል?» እያሉ ነበር። ሻማዬን ያጠፋሁት በንዴት ነው።

አንድ ቀን ምርር ሲለኝ ካርድ አውጥቼ ተሰለፍኩ። ቢያንስ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጊዜ ይድረሰኝ ብዬ ነው። ያን ሽባ ወንበር ይዤ ከረፋድ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥኩ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ቀና ብለው አዩኝና «ምነው? ማን ሞተ?» አሉኝ። «በሽተኛ ነኝ፤ ካርድ አለኝ» አልኩ። «እኔ ዘመድ አላክምም፤ ዘመድ ለሐኪሙ አይናገርም፣ ሐኪሙም ዘመዱን አይጠይቅም። ቤት እንገናኝ» ብለው በጀርባዬ «ተረኛ!» ብለው ተጣሩ። ቤት አልተገናኘንም። ስልክ ተደውሎላቸው ወጡ።

እዚህ ላይ አጎቴ ይቅር ይበሉኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በአንቱታ መጻፍ አቃተኝ። እህቴን «እትዬ» ነበር የምላት፣ «አንቺ» ነበር የምላት፤ እንደዚያው ልበላት።

በአርባ አምስት ዓመቴ ባሌ ልብሱን በሻንጣ ይዞ ወጣ። ለሰው «ተገላገልኩት» እያልኩ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን እህል አልወርድ አለኝ፣ እንቅልፍ ራቀኝ፣ የሰው ጸጉር እያበጠርኩ እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ነገ ባልነቃስ ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ባልነቃ ይሻላል ማለት ጀመርኩ። እትዬ በየጠዋቱ ወደ ክሊኒክ ስትሄድ ትደውልልኝ ነበር። «እንዴት አደርሽ?» ትለኛለች። አንድ ጠዋት «አለሁ» አልኳት። ሆነ ብዬ ነው። የቃሏን ክብደት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስትናገረው ስሰማ ነው የኖርኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። የመንገዱ ጫጫታ ብቻ ተሰማኝ። ከዚያ «እሺ በይ፣ በርቺ» ብላ ዘጋችው።

ስንቱን መንገደኛ ሦስት ጊዜ የጠየቀች ሴት እኔን አንዴ! የእናቷን ልጅ! በላዬ ዘላ ሄደች፣ እንደ ልጅነታችን።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቀን አንዲት የማላውቃት ሴት ጸጉር ቤቴ ገባች። ጸጉሯ አጥሮ ከመቆረጡ የተነሳ የሚያዝ የለውም። «ምን ልሥራልሽ?» አልኳት። «እጠቢልኝ ብቻ» አለች። አጠብኩላት። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ መጣች፤ ያው ጸጉር፣ ያው «እጠቢልኝ ብቻ»። ስም አወጣሁላት፤ ሐሙስ አልኳት። ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ጭንቅላቷን በፎጣ ይዤ እያደረቅኩ ሳለ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። «ደህና» አልኩ። ቆየት ብላ «እንዴት ነሽ ግን?» አለች። «አለሁ» አልኩ። ፎጣውን ከእጄ ወሰደችና ዞር ብላ «መሞት አምሮሽ ያውቃል?» አለችኝ።

ያን ቀን ጸጉር ቤቱን ከውስጥ ቆልፈን ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። አላዘነችልኝም፣ አልመከረችኝም። ስጨርስ «እንሂድ» ብላ ጫማዋን አጠለቀች። የወሰደችኝ ከገበያው ጀርባ ወዳለ ሌላ ክሊኒክ ነው፤ አንድ ዝግተኛ የቤተሰብ ሐኪም ነበር፣ ከአንዱ ቃል እስከ ሁለተኛው ቃል ሻይ ይጠጣል። እሱም ስገባ «እንዴት ነሽ?» አለኝ። ክንዴን ጠምጥሞ ደግሞ ጠየቀኝ። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ። ሕመሜን ረስቼ ደስ አለኝ! ለካ የእትዬ የራሷ ዘዴ አይደለም፣ ከዚህ ሰውዬ ነው የሰረቀችው አልኩ። ደውዬም «አንቺ ብቻ የምትጠይቂ መስሎሽ ነበር እንዴ?» አልኳት። «እውነትሽን ነው፤ እኔ ሞኟ» አለችኝ በትሕትና። ዝግተኛው መድኃኒት ጀመረልኝ፣ በየሳምንቱ አየኝ፣ ወደ አእምሮ ሐኪም ወሰደኝ፤ ቀስ እያልኩ እህል ቀመስኩ፣ ቀስ እያልኩ ተኛሁ። ዳንኩ።

ሐሙስ ደግሞ ጓደኛዬ ሆና ቀረች። እናንተ አታውቁትም እንጂ ያ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር! በሕይወቴ ሙሉ እትዬ ያልለበሰችው ልብስ፣ እትዬ ያላነበበችው መጽሐፍ አልነበረኝም። ሐሙስ ግን የራሴ ናት። የሐኪሟ እህት መሆኔን እንኳ ነግሬያት አላውቅም። እትዬ «ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትስቂው?» ስትለኝ «አንቺ የማታውቂያት ሰው አለችኝ» እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮራሁባት።

ባለፈው ዓመት እትዬን የሳንባ ሕመም ጣላት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ ሕመሙ ግን እየበረታ ሄዶ ሆስፒታል ገባች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ስገባ ሐሙስ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ብርቱካን ትልጣለች። «ውይ ሐሙስዬ! እዚህ መሆኔን በማን ሰማሽ?» ብዬ ተጠመጠምኩባት። እኔን ልታጽናና የመጣች ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሬ «ተዋወቂያት፤ ጓደኛዬ ናት። የእኔ ጓደኛ» አልኳት። «የእኔ» የምትለዋን ረገጥ አድርጌ ነው ያልኩት። እትዬ መሳቅ ጀመረች። ሳሏ እስኪነሳ፣ ነርሷ እስክትሮጥ ድረስ ሳቀች። ሐሙስ ብርቱካኑን አስቀመጠችና «እኔ የሹፌሩ ሚስት ነኝ» አለችኝ።

ጉድ በሉ! ያቺ እሑዶቼን የበላችው ሴት! በዓይኔ እንዳላያት የማልኩባት! በእጄ ስንት ጊዜ ጭንቅላቷን አጥቤያለሁ! ጥዬ ወጣሁ። ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለስኩበት። አንዲት የራሴ ሰው ነበረችኝ፤ እሷም የእትዬ ሆና ተገኘች። ጓደኛዬንም እንደ ዩኒፎርሟ አሮጌውን ነው የሰጠችኝ አልኩ። ግን ወዴት እሄዳለሁ? ተመለስኩ። ሐሙስ ቦታዋን ለቀቀችልኝና ወጣ አለች።

«ለምን ራስሽ አልጠየቅሽኝም?» አልኳት እትዬን።

«ፈራሁ» አለችኝ።

«ስንቱን የጠየቅሽ ሴት!»

«ስንቱ አንቺ አይደለማ!» አለችና ትንፋሽዋን ሰበሰበች። «ያን ጠዋት አለሁ ስትዪኝ ወዲያው አወቅኩት። ልጠይቅሽ አፌን ከፈትኩ። አዎ ብትዪኝስ? መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ። ለሰው ሁሉ ሐኪም ነኝ፤ ላንቺ ግን እህትሽ ብቻ ነኝ፣ ምንም አላውቅም። ያንን አለሁ የምታውቅ ሌላ ሰው ያለችኝ እሷ ናት፤ እሷ ዘንድ ሮጥኩ። ዝግተኛውም የእኔ ተማሪ ነው።»

«በሽተኞቹስ? ያን ጠዋት ሰልፍ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ። ለነርሷ የባሰበትን ወደ ዝግተኛው ላኪ አልኳትና ሌላውን ነገ ኑ ብዬ ዘጋሁት።»

«ዘጋሽው?»

«ዘጋሁት።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሠራችበት ክሊኒክ፣ በወለደች ጊዜ እንኳ ተተኪ ሐኪም አስቀምጣ የሄደች ሴት፣ ሰልፍ በትና በሩን የዘጋችው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔን ብላ። እናንተ ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ የማላውቃችሁ፣ ከእኔ በላይ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ የምታለቅሱ፤ ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ተሰልፋችሁ «ነገ ኑ» ተብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ በእኔ ምክንያት ነው። ይቅርታ አልጠይቃችሁም።

ከዚያ እኔ «እትዬ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ?» አልኳት። «አለሁ» አለች። ሳልነሳ ደግሜ ጠየቅኳት። ወደ መስኮቱ ዞር ብላ «ፈርቻለሁ» አለችኝ። ጫማዬን አወለቅኩና አልጋው ላይ ወጥቼ አጠገቧ ተኛሁ። ነርሷ ገብታ ልትቆጣ አስባ ነበር፤ አይታን ተወችው።

እህታችን በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው፣ ልጃቸው፣ እኔና ሐሙስ በአልጋቸው ዙሪያ ሆነን አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ አንዲት ታናሽ እህታቸውንና አጎታቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ እዚህ የቆሙ፣ በእርሳቸው ጥያቄ ምክንያት የቆሙ ሰዎች ደግሞ ስንት እንደሆኑ እኔ አላውቅም። ሥራቸው የቀጠለ ነው፤ ዝግተኛው ሐኪም ክሊኒካቸውን ተረክቦ ወንበሩን በሩ አጠገብ እንደነበረ ትቶታል። የአግዳሚውን ሽባ እግር ግን ቢያሠራልን ጥሩ ነው።

ሰውን ሁሉ ሲጠይቁ የኖሩትን እህታችንን ፈጣሪ በደጁ ተቀብሎ ከልቡ «እንዴት ነሽ?» ይበልልን፤ መልሳቸውንም ታግሶ ይስማልን። ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ።

ለቅሶ ቤት ሄደን ወንበራችሁን ስትይዙ ከሐሙስ አጠገብ ያለው የእኔ ነው፤ ማንም እንዳይቀመጥበት። ደግሞም ይህ ተነቦ ሲያልቅ እየመጣችሁ እጄን ጨብጣችሁ «እንዴት ነሽ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ከአፍ ልማድ «አለሁ» እላችሁ ይሆናል። እባካችሁ ቶሎ አትለፉኝ፤ ደግማችሁ ጠይቁኝ።